ሣጥኑ ባዶ፣ መዝገቡ ሙሉ

ፈረንጆች ጨዋታ አያልቅባቸውም። ከጨዋታዎቻቸው አንዱ ጂኦካሺንግ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ውኃ የማታስገባ ትንሽ ዕቃ ያዘጋጅና አንዲት ደብተርና እርሳስ ያስገባባታል። ደስ ካለው የቁልፍ መያዣ፣ የልጆች መጫወቻ ወይም ሳንቲም ይጨምርባታል። ከዚያ ወስዶ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ካብ ውስጥ ይሸሽጋታል። ዕቃዋን ይደብቅ እንጂ ቦታዋን አይደብቅም፤ በሳተላይት የሚለካውን የቦታ ቁጥር ለዓለም ይናገራል። ፈላጊው ቁጥሩን ይዞ ይመጣል። ሲያገኛት ደብተሯ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ወደነበረችበት ይመልሳታል። ከውስጧ አንድ ነገር ከወሰደ በምትኩ ዋጋው የማያንስ ነገር ያስቀምጣል። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

ዕድሜው ብዙ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪሎች የሳተላይት ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አነሣ። በቀናት ውስጥ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት የመጀመሪያዋን ዕቃ ሸሸገ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ዓለምን አዳርሷል።

ተጫዋቾቹ ከሚወዷቸው ስፍራዎች አንዱ መቃብር ነው። መቃብር ጸጥ ያለ ነው፤ ዛፍ አለው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጽሑፍ አለው። ሸሻጊው የዕቃዋን ቦታ በቀጥታ አይናገርም። «ከበሩ በስተግራ ያለውን የባሕረኛውን ሐውልት ፈልግ፤ የተወለደበትን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ውሰድ፤ ከሚስቱ የሞት ዓመት ጋር ደምር» ይላል። ፈላጊው ከሐውልት ሐውልት እየዞረ የሙታንን ስምና ዘመን ሲያነብ ይውላል። ድምሩ ሲወጣለት የዕቃዋን ቦታ ያገኛል። ሁሉም በዚህ ደስ አልተሰኘም። በ2005 እ.ኤ.አ. የሳውዝ ካሮላይና ግዛት ተወካዮች ምክር ቤት ጨዋታውን ከመቃብር ስፍራ የሚከለክል ረቂቅ አጽድቆ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ እንጂ። ተቃዋሚዎቹ የሙታን ዕረፍት ይከበር አሉ። ተጫዋቾቹ በበኩላቸው፣ መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ስም የምናነብለት እኛ ነን ብለው ተከራከሩ። ለሁለቱም ወገን እውነት አለው።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ ወደ ወሎ እናምጣው። ከደሴ ተነሥተን በወልድያ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ ሐይቅ ከተማን፣ ከተማዋን ስም ያወጣላትንም ውኃ እናገኛለን። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ከዚያ አካባቢ መቃብር በአንዱ ቢገባ ምን ይገጥመዋል? የድንጋይ ክምር ይገጥመዋል። በእስላሙ መቃብር በራስጌና በግርጌ የቆመ ድንጋይ፣ በክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ደግሞ ሣር የበቀለበት ካብ። እዚህም እዚያም ከቅርብ ዘመን ወዲህ የመጣው የሲሚንቶና የእብነ በረድ ሐውልት ፎቶግራፍ ተለጥፎበት ይታያል። የቀረው ጽሑፍ የለውም። የሚደመር ቁጥር የለም፤ የሚነበብ ስም የለም። ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል።

ወጣቱ ግራ ተጋብቶ ሲንቀዋለል፣ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ያዩታል እንበል።

«ምን ጠፍቶህ ነው፣ ልጄ?»

«አባባ፣ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ እየፈለግሁ ነው።»

«ድንጋዩ ምን እንዲልህ?»

«የሞተው ሰው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሞተ።»

«እሱንማ እኔን ብትጠይቀኝ አይሻልህም? አብሽር፣ ና ቁጭ በል። ያ ከወይራው ሥር ያለው የአጎቴ ነው። ከጎኑ ያለችው ሚስቱ ናት፤ እሷ እንኳ የሞተችው አንበጣ በገባ ዓመት ነው...»

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። መቃብራችን ጽሑፍ አጣ እንጂ መዝገብ አላጣም፤ መዝገቡ ከጥላው ሥር የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው። የእኛ ሙታን ስም በድንጋይ ላይ አልተቀረጸም፤ በሰው ላይ ነው የተቀረጸው። አልቃሿ በሙሾዋ የሟቹን አባት፣ የአባቱን አባት፣ አገሩንና ሙያውን ትዘረዝራለች። ቄሱ በፍትሐቱና በተዝካሩ በክርስትና ስሙ ያነሡታል። በእስላሙም ቤት ዱዓው ይደረግለታል፣ ዘሩ ይቆጠራል። እንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ሕያው ነው፣ ያምራልም። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ መዝገቡ ራሱ ይሞታል። አዛውንቱ ያረፉ ዕለት የሚቀበረው አንድ ሰው አይደለም፤ የአንድ መቃብር ሙሉ ዝርዝር ነው።

ታዲያ ስሙ የጠፋ መቃብር ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ወሬ ይሞላዋል። በአገራችን ስለ ተቀበረ ወርቅ ያልሰማ ማን አለ? አንዱ ጣሊያን ሲሸሽ ቀብሮት ሄደ ይላል፤ ሌላው ግራኝ ሲመጣ መነኮሳት ሸሸጉት ይላል። ካርታ አለኝ የሚል አይጠፋም፤ በሌሊት አካፋ ይዞ የሚወጣም እንዲሁ። የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ፣ የአባቶች መቃብር፣ ያረጀ ካብ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ከልክሏል፤ አካፋ ግን አዋጅ አያነብም። ቆፋሪው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አጥንት ነው። አጥንቱን አውጥቶ ይበትንና ወርቁን ጋኔን ወሰደው ብሎ ይሄዳል።

የሐይቅ ታሪክ ግን ለዚህ ዓይነቱ ፈላጊ ጥሩ ትምህርት አለው። እዚህ ቦታ ላይ ወርቅ በእርግጥ ነበረ። ፈላጊውም በእርግጥ መጥቷል፤ ወርቁንም ወስዷል። የቀረው ምን እንደሆነ ማየት ነው።

ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ በየብስ የሚገባበት ልሳነ ምድር ላይ ነው፤ በድሮው ዘመን ደሴት ነበረ። በ1248 እ.ኤ.አ. ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው ገዳሙን አቋቋሙት። ገዳሙ ትምህርት ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። በ1270 እ.ኤ.አ. የነገሠው ይኩኖ አምላክም ከገዳሙ ጋር ጥብቅ ወዳጅነት እንደነበረው ትውፊቱ ይናገራል። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚለውን ማዕረግ ይዞ ለዘመናት በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ ኖሯል። ነገሥታት መሬትና ንዋየ ቅድሳት ሲሰጡት ቆዩ። ሁለት መቶ ሰማኒያ ዓመት የተጠራቀመ ስጦታ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ነው።

በ1531 እ.ኤ.አ. ገደማ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ከሐይቁ ዳር ደረሰ። ደሴቱ በውኃ ተከቧል፤ ጦሩ ታንኳ የለውም። እንጨት እየተቆረጠ ተንሳፋፊ መሻገሪያ ይሠራ ጀመር። መነኮሳቱ መጨረሻውን አዩት። ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል፣ ሰውም እንዳይገደል ተደራድረው የገዳሙን ሀብት አስረከቡ። ወርቁና ብሩ ውኃውን ተሻግሮ ሄደ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከእሳት ተረፈ። በዚያው ወቅት በአማራ ምድር የነገሥታቱ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን መካነ ሥላሴ እንደነደደ ስናስብ፣ መነኮሳቱ ያደረጉት ስሌት ዋጋው ይገባናል። ወርቁን ሰጥተው ቤቱን ገዙ።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ከመነኮሳቱ አይደለም፤ ከዘማቹ ወገን ነው። ሺሃብ አል ዲን አሕመድ፣ በቅጽል ስሙ አረብ ፈቂህ የሚባለው ጸሐፊ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በተባለው የአረብኛ መጽሐፉ የዘመቻውን ውሎ ጽፎ አቆየን። ሬኔ ባሴ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው፤ ፖል ስቴንሀውስ የተረጎመው እንግሊዝኛ በ2003 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተዘረፈው ወርቅ የት ደረሰ? ማንም አያውቅም፤ ቀልጧል፣ ተሸጧል፣ ለወታደር ደሞዝ ሆኗል። ጸሐፊው የጻፈው ወረቀት ግን ዛሬም ይነበባል። ክርስቲያኑም እስላሙም የራሱን አገር ታሪክ ለማወቅ ወደ እርሱ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ከደሴቱ ያልወጣውን እንመልከት። በ1280/81 እ.ኤ.አ. አባ ኢየሱስ ሞዐ አንድ አራቱ ወንጌል አስጽፈው ለእስጢፋኖስ ገዳማቸው ሰጡ። መጽሐፉ የራሳቸውን ሥዕል ይዟል። ዘመናቸው በትክክል ከታወቀ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። የእኔን ቀልብ የሚይዘው ግን ወንጌሉ ብቻ አይደለም፤ በባዶ ገጾቹና በጠርዞቹ ላይ የተጻፈው ነው። የገዳሙ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ ነገሥታት የሰጡት መሬት፣ የሰጪውና የምስክሮቹ ስም እዚያ ላይ ሰፍሯል። አባቶቻችን ውል የሚዋዋሉት፣ ርስት የሚያጸኑት በወንጌል ጠርዝ ላይ ነበር። ቃሉን የሚያፈርስ፣ መጽሐፉን የሚሰርቅ ሰው ላይ ደግሞ ግዝት ይጨመርበታል። ያ ግዝት የዘመኑ ማኅተም ነው።

ልብ በሉ፤ ዝርዝሩ ላይ ከተጻፉት ዕቃዎች ስንቱ ዛሬ የለም። ዝርዝሩ ግን አለ። በ1970 እ.ኤ.አ. ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበምኔቶች ተራ እስከ አሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ድረስ አያይዞ በ«የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት» ላይ ሲያወጣ፣ ይዞ የተነሣው ገድላትንና እንዲህ ያሉ የብራና ጽሑፎችን ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም እዚህ ደርሶ ወንጌሉን በቁጥር 1832 መዘገበው። ፊልሙ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከዚያ ስብስብ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ሲዘረዝሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። የጂኦካሺንግ ተጫዋቾች አንድ የሚያውቁት ምስጢር አለ፤ ዕቃዋ ውስጥ ያለው መጫወቻ ዋጋ የለውም፣ ዋጋ ያላት ደብተሯ ናት። ሣጥኑ ቢዘረፍ ደብተሯ ከቀረች ጨዋታው ይቀጥላል። በሐይቅ የሆነው ይኸው ነው። ሣጥኑ ባዶ ሆነ፤ መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ቀረ።

ከሐይቅ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ በአምባሰል፣ የግሸን አምባ አለ። ግሸን ደብረ ከርቤ ስትባል በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን እየጎረፉ የሚወጡባት ናት። የጌታ ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እዚህ እንደገባ፣ በሣጥን ላይ ሣጥን ተደርቦ ከምድር በታች እንደተቀመጠ ትውፊቱ ይናገራል። እንግዲህ ይህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሀብት ነው፤ ቦታውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይከፍተውም። ምእመኑ የሚሄደው ሊያገኝ ሳይሆን መኖሩን ሊሳለም ነው። ለወርቅ ቆፋሪው የማይገባው ይህ ነው፤ ተሸሽጎ መቀመጡ ራሱ ክብሩ የሆነ ነገር አለ።

ግሸን ግን የመስቀል ብቻ ሳትሆን የእስር ቤትም አምባ ነበረች። ለዙፋን የሚያሰጉ የንጉሥ ልጆች ሁሉ እዚያ ላይ ይዘጋባቸው ነበር። የነገሥታቱ ግምጃ ቤትም እዚያው ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. ወደ ዙፋን የመጣው ከዚሁ አምባ ወርዶ ነው። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አምባው ጥበቃ ጥብቅነት ጽፏል። የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን መጀመሪያ ሞክሮ አልቻለም። በ1540 እ.ኤ.አ. ግን ገባ። ግምጃ ቤቱ ተዘረፈ፤ መሳፍንቱና ጠባቂዎቹ ታረዱ።

ከዚያ አምባ ላይ ስንት የንጉሥ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አርጅቶ ተቀበረ? ስማቸውን የምናውቀው ወርደው የነገሡትን ነው። የቀሩት ወንድሞች፣ የወንድም ልጆች፣ ከእነርሱ ጋር የታሰሩ እናቶች የት እንዳረፉ የሚናገር ድንጋይ የለም። ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው በሥነ ጽሑፍ በኩል ስናየው ነው። የአምባው ወሬ አውሮፓ ደርሶ ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. በታተመው «የጠፋችው ገነት» ውስጥ አነሣው። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1759 እ.ኤ.አ. «ራሴላስ» የተባለ የታሰረ የአቢሲንያ ልዑል ፈጥሮ አንድ መጽሐፍ ጻፈበት፤ እኛም በሲራክ ኅሩይ ትርጉም በአማርኛ አነበብነው። በምናብ የተፈጠረውን ልዑል ዓለም በስሙ ያውቀዋል። በሥጋ ኖረው እዚያው አምባ ላይ የሞቱት መሳፍንት ግን ስም የላቸውም። ለንደን ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ላልኖረ ልዑል ያደረገውን፣ እኛ ለኖሩት አላደረግንላቸውም።

አምባሰል ስለ ጽሑፍ ጉልበት ሌላም ምስክር አላት። የወረዳዋ ዋና ከተማ ውጫሌ ናት። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ኢጣሊያ የተዋዋሉት እዚህ ነው። የአንቀጽ 17 አማርኛው «ይቻላቸዋል» ዓይነት፣ ጣሊያንኛው ግን «ይገደዳሉ» ዓይነት ትርጉም ይዞ ተገኘ። በአንድ ግሥ ልዩነት የተነሣው ጠብ አድዋ ላይ፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው የተፈታው። እንግዲህ በዚህ ምድር «ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ውጫሌ ሄዶ ይጠይቅ።

ወሎ በድንጋይ ላይ ስሙ የተጻፈለት አንድ ልጅ ግን አለው ማለት ይቻላል፤ የተጻፈለት በሰው አገር ነው። ከአምባሰል ወደ ምዕራብ፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲገድሉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ዝርፊያውን ለመሸከም 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከዕቃው ጋር የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ አረፉ። ልጁ በ1879 እ.ኤ.አ. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ በዊንድሶር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። በዚያም ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ዕረፍት ሳያውክ ማውጣት እንደማይቻል መልሷል። መልሱ ያበሳጫል። ሆኖም አንድ መራራ እውነት አለ፤ ዓለማየሁን «መልሱልን» ማለት የቻልነው የት እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ ስላለ ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀልም በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲመለስ የተመለሰው ማንነቱ የታወቀ ቅርስ ስለነበረ ነው። ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ፣ ጠፋ ለማለት እንኳ ምስክር የለውም።

ይህን ሁሉ የማወራው ለጥንት ነገሥታትና ለብራና ብቻ አይደለም። እንደገና ወደዚያ ከደሴ ወልድያ ወደሚወስደው መንገድ እንመለስ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በድርቁ የተፈናቀለው የወሎ ገበሬ ወደዚህ መንገድ ዳር ነበር የወጣው። በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ጆናታን ዲምብልቢ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሠራው ፊልም ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ነበር። ከፊልሙ በኋላ ረሃቡ ታወቀ። የሞቱት ግን አልታወቁም። የሟቾቹ ብዛት ከአሥር ሺዎች እስከ ሁለት መቶ ሺህ ሲገመት ኖሯል። እስቲ ይህን ስፋት አስቡት። በሁለት ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን የአንድ ከተማ ሕዝብ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ተመለሰ፤ ጅምላ መቃብሩም ተመለሰ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ ደሴ ሲወርድ፣ ውጫሌም ሐይቅም መንገዱ ላይ ነበሩ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ከሁሉም ወገን የወደቀው ልጅ ስንቱ በስሙ ተቀበረ? ስንቷ እናት ናት ዛሬም አጽሙ የት እንዳረፈ ሳታውቅ በር በሩን የምታየው?

ከግሸን መሳፍንት እስከ ረሃቡ ገበሬ፣ ከገበሬው እስከ ትናንቱ ወታደር ያለው መንገድ አንድ ነው። ኃያሉም ደካማውም ያለ ስም አፈር ገብቷል። ልዩነቱ የጥንቶቹን ለማወቅ ጊዜው አልፏል፤ የቅርቦቹን የሚያውቅ ሰው ግን ገና በሕይወት አለ። የ1966ን ሟቾች በእጁ የቀበረ ሰው ዛሬ ሰባ፣ ሰማኒያ ዓመቱ ነው። የሁለት ሺህ አሥራ አራቱንማ ሁላችንም እናውቃለን።

ወሎ ለዚህ የሚሆን የራሱ መሣሪያ አለው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬው መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። በብዙ ቦታ እስላምና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ለቅሶ ይደርሳል፣ አንዱ ለሌላው ይቆፍራል። ቅሬው የአባላት መዝገብ አለው፤ ማን መዋጮ ከፈለ፣ ማን ቀረ የሚለው ተጽፎ ይያዛል። የቀረን መዝገቡን አንድ ገጽ ማስረዘም ነው። ስም ከነአባትና አያት፣ የክርስትና ስም ካለ እሱም፣ የሞተበት ቀን፣ የተቀበረበት ቦታ። «ከወይራው በስተምሥራቅ፣ ከአጎቱ ጎን» ቢባል ይበቃል። ሳተላይቱን የሚፈልግ ደግሞ የቦታውን ቁጥር ከስልኩ ላይ አንብቦ ይጨምርበት፤ ዛሬ ያ ቁጥር በየገበሬው ልጅ ኪስ ውስጥ አለ። ፈረንጅ ለመጫወቻ የተጠቀመበትን እኛ ለቁም ነገር ብናውለው ማን ይከለክለናል?

አንዳንዱ «ሙት በስሙ አይጠራ፣ ስሙን እግዜር ያውቀዋል» ይለኛል። ልክ ነው፤ እግዜር ያውቀዋል፣ አላህም አይረሳውም። መዝገቡ የሚያስፈልገው ለእግዜር አይደለም። የሚያስፈልገው ለልጅ ልጁ ነው፤ መሬት ሲካፈል ለዳኛው ነው፤ ስንት ሰው ሞተ ተብሎ ሲጠየቅ በግምት ሁለት መቶ ሺህ ሰው ለሚያጠፋና ለሚያመጣ ባለሥልጣን ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐም እግዚአብሔር የሰጪዎቹን ስም እንደሚያውቅ ጠፍቷቸው አልነበረም። ሰው እንደሚረሳ ስለሚያውቁ ነው ያስጻፉት።

የተማሪ ነገርም አለ። በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በደሴ ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ቀን ወደ መቃብር ቢያሰማሩስ? አካፋ ሳይሆን ደብተር አስይዘው። እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ አዛውንት ጎን ተቀምጦ አንድ ረድፍ ካብ በስም በስሙ ይጻፍ። ከአዛውንቱ አንድ ነገር ወስዶ በምትኩ ዋጋው የማያንስ ነገር ይሰጣቸዋል ማለት ነው፤ ታሪኩን ወስዶ ጆሮውን ይሰጣቸዋል። የጨዋታው ሕግ አልተጣሰም። ተማሪው የታሪክ ፈተናውን ቢወድቅ እንኳ ታሪክ ከምን እንደሚሠራ አይቷል።

ወርቅ ፈላጊው እንደሆነ ይቆፍር። በሐይቅ ደሴት የነበረውን ወርቅ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የቀደመው ወስዶታል፤ የግሸንንም እንዲሁ። ከዚያ ምድር ዛሬም ያልተወሰደ ሀብት አንድ ነው፤ በሽማግሌዎች አንደበት ላይ ያለው ስም። እሱ ደግሞ ሌባ አይጠብቅም፤ በየሳምንቱ በቀብር ቀን ጥቂት ጥቂት እያለ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።